በሃያ አምስተኛው ዓመት ያልሰማሁት ጩኸት

ረቡዕ፣ ሰኔ 18 ቀን

ይድረስ፦ ኩርፊያን ከእኔ ለወረስሽው ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? አምስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ ኖሬ ዛሬ እንደምን ሰነበትሽ ማለቴ ለራሴም አሳፍሮኛል፤ ግን ደብዳቤ በሌላ ነገር መጀመር አላውቅበትም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል። የኩሽናው ቧንቧ አሁንም ሲያንጠባጥብ ያድራል ትለኛለች ጎረቤቴ፤ እኔ እንኳ ለጥ ብዬ ነው የምተኛው። ስልክ ትቼ ወረቀት ማንሳቴ ሳይገርምሽ አይቀርም። እደርስበታለሁ፤ አታጣድፊኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዓለም ሙዚቃ ፌስቲቫላችን ሃያ አምስተኛ ዓመቱን አከበረ። ከአሥራ ሰባት አገር ሙዚቀኞች መጥተው ነበር። ዳይሬክተሩ አዲስ ሱፍ ለብሶ ለመጣው ሁሉ ጥርሱን ሲያሳይ ዋለ። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶ እንደ በር አግዝፈው መግቢያው ላይ አቁመውታል። እኔ ከድምፅ ማስተካከያው ከሚክሰሩ ጀርባ ተኮሳትሬ ቆሜያለሁ፤ ቀጭን ነኝ፣ ጸጉሬም ጥቁር ነው። አንቺም አለሽ። ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ተኝተሽ ጫማሽ ብቻ ይታያል። ከሰው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ለበዓሉ ብለው አዲስ ስፒከርና አዲስ ሚክሰር አስመጡ። እኔም እሰይ አልኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሕዝቡ የመድረካችን ድምፅ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ነው እያለ ያማርር ነበርና። ጥፋቱን መጀመሪያ በአሮጌው ስፒከር አሳበብኩ። ቀጥዬ በዘፋኞቹ። የዛሬ ዘፋኝ አፉን አይከፍትም እያልኩ ስንቱን የሰው ልጅ አማሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አራተኛ የወጣችው ከአንድ ሩቅ ደሴት የመጣች ዋሽንት ነፊ ነበረች። ትንፋሿ ስስ ሆነብኝና ማይክራፎኗን ከፍ አደረግኩላት። ጥቂት ቆይቶ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች እጃቸውን ወደ ጭንቅላታቸው ሲያነሱ አየሁ። ታውቂኛለሽ አይደል፣ ደስ አለኝ። ዋሽንቱ አንጀታቸውን በልቶት ራሳቸውን የያዙ መሰለኝ። እንዲያውም ትንሽ ጨመርኩላቸው።

ያን የመብራት ሠራተኛ፣ እኛ "ጨለማው" የምንለውን ታስታውሺዋለሽ። ከመብራት ጠረጴዛው ዘሎ መጣና በእጄ ላይ እጁን አሳልፎ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገው። እጁን በጥፊ አልኩት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ሳልፈቅድ ማንም የማይነካው ሚክሰር! መልሼ ከፍ አደረግኩት።

"እትዬ ጆሮ፣ ይተዉት እባክዎ! እየጮኸ ነው!" አለኝ ፊቴ ላይ ተደፍቶ።

"ማነው የሚጮኸው?" አልኩት አፌን ሞልቼ።

በአገጩ ወደ መድረኩ አመለከተኝ። ቀና ብዬ ወደ መድረኩ ስመለከት ሴትዮዋ ዋሽንቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። የሚነፋ የለም፤ ሕዝቡ ግን አሁንም ጆሮውን ይዟል። እሷም ይዛለች። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ እየሮጠች ስትወጣ አየሁ። ማይክራፎን የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ መልሶ ሲለቅም የሚያወጣውን ያንን እንደ መርፌ የሚወጋ ጩኸት ላንቺ አላስረዳም፤ ከእኔ ነው የተማርሽው። እኔ ግን አልሰማሁትም። ልጄ፣ ምንም አልሰማሁም። ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ ጆሮ" እያለ የሚጠራኝ ሴትዮ!

በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ፕሮግራሙ ቀድሞ ታትሟልና መሸለሜ አልቀረም። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ጠርቶኝ "የፌስቲቫሉ ጆሮ" የሚል ጽሑፍ ያለበት የመስታወት ሐውልት አስታቀፈኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። በሕዝቡ ጫጫታ መሃል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ የሚለውን አልያዝኩትም። ምስጋና ነው ብዬ ፈገግ አልኩና ራሴን ነቀነቅኩ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሳሁ።

ጥያቄው "ከዛሬ ጀምሮ ያርፋሉ፣ ሥራውን ለወጣቶች ያስረክባሉ፣ አይደል?" የሚል ኖሯል። ከሥራዬ በገዛ ራሴ ተሰናበትኩ፤ ያውም እየሳቅሁ።

ይህን የነገረኝ ጨለማው ነው፤ ከመድረኩ ጀርባ በባዶ የገመድ ሣጥኖች ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን። ስቆጣ፣ ስሰድበው አስጨረሰኝና "እትዬ፣ እኔን ይቆጡ፤ ልጅዎን ግን በድለዋታል" አለኝ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። ሰባት ዓመት በግራዬ ተቀምጠሽ ያችን የድምፅ ማጣሪያ ትንሽ ሣጥን ስትነካኪ፣ እኔ "እጅሽ አያርፍም ወይ!" እያልኩ ስገላምጥሽ፣ የማልሰማውን ስለታም ድምፅ አንድ በአንድ ስትቀንሺልኝ ነበር አሉ። "አይነገራት፣ ይህን ካወቀች ትሰበራለች" ብለሽ ሠራተኛውን ሁሉ ቃል አስገብተሻል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ ምን ያድርጉ፣ እኔ ጠዋት ከመድረሴ በፊት ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ በሙሉ ዘግተው ይጠብቁኝ ነበር። ብርድ ልብሱ እሱ ነበር። ቅዳሜ ግን አዲሱን ዕቃ የሚያውቅበት ጠፋና እንዳለ ተውልኝ።

ስንት ሰው ነው ያዘነልኝ! አዘኔታ እንዴት እንደሚመርረኝ ታውቂያለሽ።

አሁን የምጽፍልሽን ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ያን ዕለት ኩሽና ውስጥ ሳህን እያደረቅሽ "እማ፣ ጆሮሽን ሐኪም ይየው" ስትዪኝ "ወንበሬን ፈልገሽ ነው" አልኩሽ። ይህን ታስታውሻለሽ። የማታውቂው ሌላ አለ። በማግስቱ ለዳይሬክተሩ ደውዬ "እሷ ካለች እኔ የለሁም" አልኩት። መግቢያ ካርድሽን ነጥቆ ከሥራ ያባረረሽ እሱ ይመስልሻል። አምስት ዓመት እሱን ስትረግሚ ኖረሽ ከሆነ እርግማኑ አድራሻውን ስቷል። እኔ ነኝ። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ በመስኮት እያየሁሽ "ትመለሳለች፣ ወዴት አባቷ ትሄዳለች" ያልኩትም እኔው ነኝ።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የምጫነው ቁልፍ ሰጠችኝ። የእናትሽን ነገር! በግምት ስጫነው፣ ስጫነው ቆየሁ። በሩን ከፍታ ገባችና ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፈችልኝ፦ "እናቴ፣ እስካሁን ምንም ድምፅ አልላክሁም።" የመስሚያ ማሽን ይታዘዝልሻል ብላኛለች። መምጫው ሁለት ወር ነው፤ ከመጣም በኋላ ሁሉንም አይመልስም፣ ንግግርን ግን ይረዳል አለች።

እንግዲህ ደብዳቤ ወደ መጻፌ ልምጣ። እሑድ ጠዋት ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ። ስምሽን ሳይ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። በስልኩ ሰማሁት። በሥራ ማዳመጫዬ ሰማሁት። ወደ ፌስቲቫሉ አዳራሽ ወስጄ በትልቁ ስፒከር ከፈትኩት። ድምፅሽ መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ወፈር ወፈር ያለው ይደርሰኛል፣ ቃሉ ግን ይበተንብኛል። መሃል ላይ አንድ ቦታ ታቋርጫለሽ። ስቀሽ ይሁን አልቅሰሽ መለየት አቃተኝ። አንቺን የወለድኩ ሴት ሳቅሽን ከልቅሶሽ መለየት አቃተኝ።

ጨለማው "ልስማልዎትና ልንገርዎት" አለኝ። እምቢ አልኩት። ስድብም ከሆነ የተሰደብኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታም ከሆነ ከሰው አፍ አልቀበለውም።

ጻፊልኝ። ያልሽውን እንዳለ፣ ሳትቀንሺ፣ ለእኔ ብለሽ ሳታለዝቢ ጻፊልኝ። ሰባት ዓመት የቀነስሽልኝ ይበቃል።

ያለሽበት ምድር ይመችሽ። ክፉ ባልደረባ አይግጠምሽ፤ እንደ እኔ ያለ አለቃም አይጣልብሽ። የምትወጂውን ሥራ ሠርተሽ፣ ተመስግነሽ፣ ጤናሽ ሳይጎድል ለሽበት ያብቃሽ። ጆሮሽን አደራ።

እስከዚያው ዝምታዬን በሌላ እንዳትተረጉሚው። መልእክትሽን ሰምቼ ዝም አላልኩም። አልሰማሁትም።

እናትሽ