ጥያቄያቸውን በአራት ደቂቃ ስለዘጋንባቸው ስለ ጋሽ ቃል በቃል የወጣ የሀዘን መግለጫ

የሶፍትዌር ተጠቃሚዎች መረዳጃ መድረክ ማኅበር፣ መላው አባላት «ጋሽ ቃል በቃል» እያሉ የሚጠሯቸው መሥራችና አንጋፋ መላሽ ባደረባቸው የጉሮሮ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። ከሀዘኑ ጋር ንዴትም አለብን። የተናደድነው በራሳችን ነው፤ ምክንያቱን ሳንሸፋፍን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ጋሽ ቃል በቃል ሥራ የጀመሩት በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነው ነበር። አንድ ፊደል ከቦታው ከተዛነፈ ገጹ በሙሉ እንደሚበላሽ የተማሩት እዚያ ነው። ኮምፒውተር ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲገባ ማንም ሳያስተምራቸው መፍታትና መግጠም ለምደው የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ለመሆን በቁ፤ እስከ ጡረታቸውም በዚያው አገልግለዋል። ክፍላቸው ከደረጃው ሥር ነበር። አንዲት መስኮቱ ወደ ወረቀት መጋዘኑ የምትከፈት ስትሆን፣ ግድግዳው ላይ አሮጌ ኪቦርዶች በገመዳቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ኪቦርድ ጥሎ ማደር አይሆንላቸውም ነበር።

የኢንተርኔት መድረኩ በተከፈተ በ1ኛው ዓመት አባላቱ አሥራ አራት ብቻ ነበሩ። አብዛኛው ጥያቄ «አይሠራም፣ እርዱኝ» የሚል ነበር። እሳቸው ለሁሉም የሚመልሱት አንድ ነው፦ ማሽኑ ምን አለ? ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ያወጣንላቸው ለማላገጥ መሆኑን ዛሬ አንደብቅም።

በ3ኛው ዓመት በመጋቢት ወር አንድ ገጽ የሆነችውን የአጠያየቅ መመሪያ አዘጋጁ። ጠያቂ በቅድሚያ ማድረግ የፈለገውን ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ ያደረገውን በቅደም ተከተል ያሰፍራል፤ ማሽኑ የሰጠውን መልእክት ከትዝታው ሳይሆን ከስክሪኑ ይገለብጣል፤ የፕሮግራሙን እትም ይጠቅሳል፤ የሞከረውን መፍትሔና ያልሠራበትን ምክንያት ይጨምራል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንዳንዶቻችን መመሪያውን ያላሟላ ጥያቄ ይሰረዝ የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠይቀን ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉ፦ «ይህን ወረቀት የጻፍኩት ጠያቂ እንዲጠቀምበት ነው። ዱላ አድርጋችሁ የምትይዙት ከሆነ አሁኑኑ ቅደዱት።» አልቀደድነውም። ዱላ ግን አደረግነው።

በ4ኛው ዓመት ለአንድ ዐይነ ስውር መምህር ጥያቄ፣ የተጻፈን ነገር በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እንዴት እንደሚጫን የሚያስረዳ ባለ ሦስት ገጽ መልስ ሰጡ። እስከ ዛሬ በመድረኩ እንደዚህ መልስ የተነበበ ጽሑፍ የለም።

በ5ኛው ዓመት በጥቅምት ወር አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ የመድኃኒት መመዝገቢያዋ አልከፈት ብሏት «ኧረ በናታችሁ ድረሱልኝ፣ እምቢ አለ» ብላ ጻፈች። ዘጠኝ አባላት ተሳለቁባት፤ አንዱማ ፓራሲታሞል ስጪው ብሏታል። ጋሽ ቃል በቃል ሦስት ጥያቄ ጠየቋት። በሦስተኛው ላይ ስክሪኗ ጥግ ያለው ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መመለሱን ራሷ አየች፤ የማሽኑ ትንሿ ባትሪ አልቃ ኖሯል። በዓመቱ ሪፖርት ስማቸው በመፍትሔ ሰጪነት ሲነበብ ያገኘችው እሷ እንደሆነች ገልጸው አሳረሙ።

በ8ኛው ዓመት ማኅበሩ «ዝጋ» የሚለውን ቁልፍ ሥራ ላይ አዋለ። ሦስት አባላት ከተጫኑት ጥያቄው ይዘጋል፤ ለዘጊዎቹም ነጥብ ይመዘገባል። ጋሽ ቃል በቃል ተቃወሙ። ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ ፈጥኗል ብለን ሳቅን። ሠላሳ አንድ ለሁለት አሸነፍን። ሁለተኛዋ ተቃዋሚ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ነበረች።

በዘንድሮው 11ኛ ዓመት በጥር ወር ጉሮሯቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ድምፃቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰባቸው ጋር የሚያወሩት ላፕቶፕ ላይ እየጻፉ፣ ያው የሚያነብ ፕሮግራም ጮክ ብሎ እያነበበላቸው ነበር። በየካቲት ወር ፕሮግራሙ ራሱን አደሰና ዝም አለ። መድኃኒቱ ዐይናቸውን ስላደበዘዘው ደቃቁን የስክሪን ጽሑፍ እየተከታተሉ ራሳቸው ሊጠግኑት አልቻሉም። ወደ መድረኩ የሚገቡበት መለያ ማረጋገጫ የሚላከው በጠፋ ስልካቸው ቁጥር ስለነበር፣ ልብስ ሰፊ በሆነችው ልጃቸው ስልክ አዲስ መለያ ከፍተው ለመድረካችን ጥያቄ ላኩ። የጥያቄው የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፦

«ማድረግ የምፈልገው፦ ማንበብ ከማትችል የአራት ዓመት የልጅ ልጄ ጋር ማውራት።»

ጥያቄው አንድ ገጽ ከሩብ ነው። መመሪያው የሚያዘው አንድም ሳይቀር ተሟልቶበታል። ሁለተኛው አንቀጽ ከሰባት ዓመት በፊት ለመምህሩ የተሰጠውን መልስ እንደሞከሩት፣ ለአሮጌው እትም ትክክል እንደነበር፣ በአዲሱ ግን እንደማይሠራ ከነምክንያቱ ይዘረዝራል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ዘጋነው። የዘጋንበት ምክንያት «ከዚህ በፊት ተመልሷል» የሚል ሲሆን፣ ሂድና አንብብ ብለን ያመላከትናቸው ያንኑ የሰባት ዓመት መልስ ነው። የራሳቸውን መልስ። ከሥሩ አንድ አባል፣ ወንድሜ ልብ ወለድ ነው እንዴ የላክህልን ሲል፣ ሌላው ደግሞ ከመጠየቅህ በፊት የጋሽ ቃል በቃልን መመሪያ አንብብ ብሎ ጽፏል። ይህን የመጨረሻውን አስተያየት አሥራ ስድስት ሰው ወዶታል።

በሦስተኛው ቀን አሳጥረው ድጋሚ ላኩ። መድረኩ ራሱ «ተደጋጋሚ» ብሎ መለሰው።

ልጃቸው ከላከችልን ማስታወሻ ደብተር ለመረዳት እንደቻልነው፣ ጥያቄውን አራት ጊዜ በእጃቸው እንደገና ጽፈውታል። በአራተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ «ምን ጎድሎኝ ይሆን?» የሚል አለ። ምንም አልጎደላቸውም። ልጃቸው፣ አባዬ ማን እንደሆንክ ለምን አትነግራቸውም ብላ ለምናቸው ነበር። መልሳቸውን እዚያው ደብተር ላይ ጽፈው አሳዩዋት፦ «የሚመልሱት ለሚያውቁት ሰው ብቻ ከሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት በከንቱ ደክሜአለሁ።» ከዚህ በኋላ አሥራ ስድስት ቀን ኖሩ። የልጅ ልጃቸው አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጠች ለምን ዝም እንደሚሏት ትጠይቃቸው እንደነበር እናቷ ገልጻልናለች።

ቁልፉን የተጫኑት ሦስቱም ይህን መግለጫ የጻፈው የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት ናቸው። ስማቸውን ያላወጣነው ልናድናቸው ብለን አይደለም፤ ጥፋቱን በሦስት ሰው ላይ ጥሎ መገላገል ለቀረነው ስለሚቀለን ነው። ቁልፉን በድምፃችን ያመጣነው ሠላሳ አንድ ሆነን ነው፤ አስተያየቱን የወደድነው አሥራ ስድስት ሆነን ነው። ጊዜ አጥተን ነበር የሚል ምክንያት ከማንም አንቀበልም። ያን ዕለት ብቻ ኮሚቴው አርባ ሦስት ጥያቄ ዘግቷል፤ ለመዝጋት ጊዜ ነበረን።

በቀብራቸው ማግስት የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ጥያቄው የማን እንደነበር ከልጃቸው ሰምታ፣ የተዘጋውን ጥያቄ ከፍታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መልሱን ለማግኘት አርባ ደቂቃ ፈጀባት። ፕሮግራሙ ሲታደስ የድምፅ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ፎልደር ተዛውረዋል፤ ቅንብሩ ውስጥ አንድ መስመር ማረም ይበቃል። ጋሽ ቃል በቃል ራሳቸው በአራተኛው አንቀጽ ላይ ጥርጣሬያቸው እዚያው ቦታ እንደሆነ ጽፈዋል።

ስለሆነም ኮሚቴው «ዝጋ» የሚለው ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ እንዲነሣ፣ በመዝጋት የተገኘ ነጥብ ሁሉ እንዲሰረዝ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተዘጉት ጥያቄዎችም እንደገና እንዲከፈቱ ወስኗል። ብዛታቸው ዘጠኝ ሺህ ያህል ነው። አይቻልም የሚሉን አሉ። ለእያንዳንዱ አባል ሠላሳ አይደርሰውም፤ ይቻላል። ዛሬ ጠዋት አንድ መቶ አሥራ ሁለቱን አንብበናል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰባ አንዱ ጥሩ ጥያቄዎች ነበሩ።

ዓርብ ዕለት ልጃቸው የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ እንደነገረቻት መስመሩን አርማ ላፕቶፑን ከፈተች። የጽሑፍ መጻፊያው ሳጥን ውስጥ ፕሮግራሙ ዝም ባለበት ጠዋት ለልጅ ልጃቸው የጻፉት ሳይነበብ ተቀምጦ ነበር። ማሽኑ አነበበው፦ «ዛሬ ከቤት ስትወጪ መጀመሪያ ያየሽው ምንድን ነው? ከዚያስ? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።» ሕፃኗ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ በሩ ላይ ስለነበረችው ድመት፣ ውኃ ስለሚያፈሰው ቧንቧ፣ ስለ ጎረቤቱ ቀይ ሞተር ብስክሌት በቅደም ተከተል እንደነገረችው እናቷ ጽፋልናለች።

ማኅበሩ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጃቸውና ለማተሚያ ቤቱ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን ይመኛል። ይቅርታም ይጠይቃል፤ ይቅርታውን የመቀበል ግዴታ ግን የለባቸውም።

የመታሰቢያ ስብሰባው በመጪው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት በማተሚያ ቤቱ አዳራሽ ይካሄዳል። አባላት ሁሉ የጋሽ ቃል በቃልን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን። አንድ ገጽ ከሩብ ነው።