የምልክት ቤቱ ሰዓት

ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር
ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጴጥሮስ ሀብተ ማርያም፤
ድሬስደን

የኔ ጌታ፣ እንዴት ነህልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ደረትህን ሸፍን፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ጉንፋን እዚያ ላይ ነው የሚጀምርህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ ሌላው አካሌ እንዳለ ነው። ልደታ ማርያምን በየወሩ እሳለማለሁ፣ ስምህንም ጮክ ብዬ እጠራለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የምታደርስልህ የጎረቤታችን የዙሃራ ልጅ ናት። ለሥልጠና ወደ ላይፕሲግ ስለምትሄድ ካፖርቷ ገበር ውስጥ ሰፍቼላታለሁ። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም። መሠረተ ትምህርት ግቢ ብለው ፊደል ያስቆጠሩኝ የቀበሌ ሰዎች ናቸው፣ ምን እንደምጽፍበት ግን አላሰቡም።

በመጨረሻው ደብዳቤህ ሦስት ነገር ብለኸኛል። አንደኛ፣ «እማዬ፣ እነዚያ የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ አምፖሎች ምን ሊሠሩልሽ ነው?» ሁለተኛ፣ ለገና እመጣለሁ። ሦስተኛ፣ ለጋሼ ፈቃደ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ውለታውን አልረሳም። ሁሉንም እመልስልሃለሁ። ቆመህ ከሆነ የምታነበው ተቀመጥ።

ከፈቃደ ልጀምር። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ አትበለው። አባትህን ያስበላው እሱ ነው።

ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር። አባትህ አሻጥረኛ ተብሎ መወሰዱን እንጂ ማን እንደመሰከረበት አታውቅም። ስትጠይቀኝ አላውቅም አልኩህ። ዋሽቼሃለሁ። የተከሳሽ ቤተሰብም ይስማ ተብሎ የባቡሩ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ በግድ አስገብተውኝ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር 1970፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ግንባር የሚሄድ የጭነት ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከቆሙ ፉርጎዎች ጋር ተጋጨ። በምልክት ቤቱ ተረኛው አባትህ ነበር። ምልክት ቤቱን ታስታውሰው የለም? ያቺ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍል፣ ዘንግ እየጎተተ ሐዲድ የሚያቀያይርባት፣ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራባት። ፈቃደ ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የመጣ ካድሬ ነበር፤ ገና ሦስት ወሩ። ለአባትህ ደወለለትና ፉርጎዎቹ ተነስተዋል፣ መስመሩ ነፃ ነው፣ የግንባር ጭነት አታዘግይ አለው። መስመሩ ከመጋዘኑ ጀርባ ስለሆነ ከላይ አይታይም። አባትህ አመነው፣ አሳለፈው። ፈቃደ ግን ፉርጎዎቹ ይነሱ አይነሱ ሄዶ አላየም ነበር።

ከዚያማ መደወሉን ካደ። ስብሰባው ላይ ተነስቶ ምን አለ መሰለህ? «አጠገቡ ቆሜ ነበር። አቁም ብለው አረንጓዴውን አበራ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ አይቼዋለሁ፤ ትንሿ መርፌ ልክ ሦስት ቁጥር ላይ ነበረች» አለ።

ልብ በል እንግዲህ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ የቤታችንንም ሰዓት የምንሞላው በዚያው ነው። የምልክት ቤቱን ሰዓት ግን ባቡሩን የሠሩት ፈረንጆች ሰቅለውት ሲሄዱ በነሱ አቆጣጠር እንደተሞላ ቀረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የዚያ ሰዓት መርፌ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ናት። አንድ ቀን እዚያ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቃል። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት በሰንጋ ተራ በኩል ምሳ ሳመላልስለት በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት። ቀና ስል አሥራ ሁለት ይላል። ፀሐይ አናቴ ላይ ሆና «ውይ፣ መሸብኝ!» ብዬ ጮህኩ። አባትህ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ፣ ዓመቱን ሙሉም ምሳ ሳመጣለት «እራቴ ደረሰ?» እያለ ሲያበሽቀኝ ኖረ።

ያን ዕለትም ተነስቶ፣ ጓዶች፣ የኛ ሰዓት ጠዋት ሦስት አይልም ብሏቸው ነበር። አትቀልድ አሉት። መፈክር ተነሳ፣ ድምፁ ተዋጠ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ የባቡር ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል። ሁሉም አፉን ያዘ። ፈርተው ነው፣ አልፈርድባቸውም ልበልህ? እፈርድባቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃለህ። አራት ወር እስር ቤት ስንቅ አመላለስኩ። አንድ ማክሰኞ ዘበኛው ሳህኑን ምግቡ ሳይነካ፣ ከአባትህ ልብስ ጋር መለሰልኝና ከእንግዲህ አታምጪ አለኝ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈቃደ ቤታችን መጣ። ልጁ ጎበዝ ነው አሉ፣ ጀርመን ሄዶ ይማር አለኝ። የአፌ መዝጊያ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ተቀበልኩት። ጎንበስ ብዬ እጁን ሳምኩት፤ አንተም ቆመህ አይተሃል። «እማዬ፣ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» ስትለኝ ጓሮ ሄጄ አፌን በውሃ ተጉመጠመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዲፕሎማህን። እሱ እጅህ ሳይገባ ብተነፍስ ፈቃደ በአንድ ወረቀት ከመንገድ ይመልስህ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ሰኔ ላይ «ተመረቅሁ» ያልከኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤት ሁሉ ላንተ መሰለው። ግማሹ ነው ያንተ።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዚያው በሠራተኞቹ አዳራሽ ኤግዚቢሽን እንደሚደረግ ሰምቼ ነበር፤ አዘጋጁም ፈቃደ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮው ሄድኩ። ባሌ የበደለውን በእጄ ሥራ ልካስ አልኩት። እርስዎ አሻጥሩን ያጋለጡበትን ምልክት ቤት በትንሹ ልሥራው፣ መብራትም ላስገባለት፣ በዕለቱ እርስዎ ለሕዝቡ ያስረዱበታል አልኩት። እንባ ሊመጣው ምንም አልቀረው። «የነቃች እናት» አለኝ። ስስ ጣውላውን፣ ኮምፔርሳቶውን፣ ራሱ ፈርሞ አሰጠኝ። በኤግዚቢሽኑ ሰሞን ፓርቲው ሊመሠረት ነው፣ እሱም ከዕጩዎቹ አንዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያገኛል?

አምፖሎቹን ያኔ ነው ላክልኝ ያልኩህ። እናንተ ዘንድ ጎልማሳው ሁሉ በአሻንጉሊት ባቡር እንደሚጫወት፣ ትንንሾቹ ቤቶችም ከውስጥ መብራት እንዳላቸው ጽፈህልኝ ስስቅ ነበር። ሳቄን ሳልጨርስ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

ሐምሌንና ነሐሴን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሱን ስሠራ ከረምኩ። ግድግዳውን በኮምፔርሳቶ ሠራሁ። መስታወቱ አሮጌ የራጅ ፊልም ነው፤ በረኪና ውስጥ ስትዘፈዝፈው ጥቁሩ ይለቅና ጥርት ይላል። ጣሪያውን ከወተት ጣሳ ቆርጬ በምስማር ጫፍ ሸንተረር አወጣሁለት፣ ከላይም የሚነሳ አደረግሁት። ሰባቱ ዘንጎች የጃንጥላ ሽቦ ናቸው። ሦስተኛው ዘንግ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነበር፣ ጎበጥ አደረግሁት። አባትህ መስኮቱ ሥር ካርቶን ይወትፍ ነበር፣ እሱንም አልተውኩም።

መብራቱን የዘረጋልኝ ጌጃ ሰፈር ራዲዮ የሚጠግነው ደጉ ነው። እኔ መጀመሪያ በራሴ ብልጠት አንዱን አምፖል ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኘሁት፤ ጧ ብሎ ጠፋ፣ ጣቴንም ለበለበኝ። ደጉ እየተቆጣ ከሞተ ራዲዮ ኃይል መቀነሻ አውጥቶ ገጠመልኝ። ለቀዩና ለአረንጓዴው የከረሜላ ወረቀት አለበስናቸው። ሰዓቱን ከካፖርት ቁልፍ ሠራሁት። ቁጥሮቹን በመርፌ ጫፍ ቀለም እየነከርኩ ጻፍኩ፣ መርፌዋም ስትገፋ የምትዞር ናት። ዘጠኝ ላይ አደረግኋት። ደጉን ለሰዓቱ ብቻውን አንድ አምፖል ስጥልኝ ስለው ለምን አለኝ። እንዲታይ ነው አልኩት።

መስከረም 2 ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ከበላይ የመጣ አንድ ጓድ ከፊት ተቀመጠ፤ ስሙን አልጽፍም። መስኮቱ ተዘጋና ደጉ አበራው። ጴጥሮስ፣ ልጄ፣ እንዴት እንዳማረ ልነግርህ አልችልም። ቢጫው ብርሃን በመስኮቶቹ ሲወጣ፣ አረንጓዴዋ ከላይ ቦግ ስትል፣ አባትህ ውስጥ ተቀምጦ ምሳውን የሚጠብቅ መሰለኝ። እንባዬ መጣ። ፈቃደ የጸጸት እንባ መስሎት ለእንግዳው በአገጩ አሳየኝ።

ዱላ ይዞ ማስረዳት ጀመረ። እዚህ ቆሜ፣ እዚህ ጋ ዘንጉን ሲጎትት፣ አቁም ብለው። ዱላው ሰዓቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ፈገግ አለ።

«እትዬ ወለተሥላሴ፣ ሰዓቱን ተሳስተዋል። ዘጠኝ ላይ አድርገውታል።»

«ስንት ላይ ላድርገው ጓድ ፈቃደ?»

«ሦስት ላይ ነዋ፤ በዓይኔ ያየሁትን!»

ጣሪያውን አነሳሁና ሰው ሁሉ እያየ መርፌዋን ሦስት ላይ ገፋኋት። ጣሪያውን መልሼ ወደ ጎን ቆምኩ።

ከፊት ረድፍ አያ ዋቅሹማ ነበር፤ ያን ዕለት ባቡሩን ሲነዳ የነበረው፣ አሁን ጡረታ የወጣው። ምንም አልነገርኩትም፣ በልደታ እምልልሃለሁ። ሰዓቱን ሲያይ ነው የገባው። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ።

«ጓድ» አለ ለእንግዳው፤ «ያ ሰዓት ሦስት ላይ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። ግጭቱ የጠዋት ነው። ከቀትር በኋላ ሀብተ ማርያም እጁ ከታሰረ ስድስት ሰዓት ሆኖት ነበር። ይህ ሰው እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

ፈቃደ ክው አለ። ሰዓቱ ተበላሽቶ ነበር ሊል ጀመረ፣ ወዲያው ደግሞ አላየሁትም አለ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ማን ነበር የደወለለት?» አለ። ሌላው ደገመው። ሰባት ዓመት ሊሞላው የተዘጋ አፍ ሁሉ በአንዴ ተከፈተ። እንግዳው ማስታወሻውን አወጣና መጻፍ ጀመረ። ፈቃደ ዞሮ አየኝ፤ ያኔ ነው የገባው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያችን የፊቱን አመድ አሁንም ሳልተኛ አስታውሳታለሁ፣ ጠግቤያት አላውቅም።

ከዕጩነት ተሰረዘ። ሹመቱን ገፈፉት። አሥራ አንድ ቀን ታስሮ ተጠየቀ። ሚስቱ ድንቅነሽ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ በሰንጋ ተራ ስታልፍ አየኋት። እሷ ምንም አላደረገችኝም። ሆኖም ፊቴን አላዞርኩም፤ እስክታልፍ ቆሜ አየኋት። ክፉ ሆነሻል በለኝ፣ በል፣ ልክ ነህ። አባትህ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት አልሰጡኝም፣ የት እንደቀበሩትም አልነገሩኝም። ግን ያ አዳራሽ የነበረ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁን ኮፍያውን ያነሳል።

አሁን ፈቃደ ተፈቷል። ሹመት ባይኖረውም ሰው አለው። ባለፈው እሑድ ልደታ በር ላይ ጠበቀኝ። እርስዎ ማለቱን ትቷል። «ልጅሽ ለገና ይመጣል አሉ፤ ቦሌ ድረስ ሄደን እንቀበለዋለን» አለኝና ሄደ።

ስለዚህ አትምጣ።

ደግሞ አንድ የማታውቀው ነገር አለ። ስትሄድ፣ ተምሮ ይመለሳል ብሎ ዋስ ሆኖ የፈረመው ማን መሰለህ? ራሱ ነው፤ ደግነቱን ሊያሳይ። የመንግሥት ተማሪ ሲቀር የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ቦሌ ቆሞ ይጠብቅህ፣ ከዚያም ልጁን የት አደረስከው ብለው ይጠይቁት፤ እኔ ባሌን የት አደረሳችሁት ብዬ ስጠይቅ እንደኖርኩት። ወደ ወዲያኛው፣ ወደ ምዕራቡ በርሊን ስለሚሻገሩበት መንገድ የዙሃራ ልጅ ከተሻገሩ ሰዎች የሰማችውን በቃል ትነግርሃለች። «እዚያው ቅር» የምልህ እሱን ለማቃጠል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እኔ ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ። ደብዳቤም ለጊዜው አትጻፍልኝ።

እዚያ ደህና ልጅ ካገኘህ አግባ፤ የየትም አገር ትሁን፣ ብቻ ሳቂታ ትሁን። ልጅ ከወለድክ በአባትህ ስም ጥራው። የአባትህ አምላክ ከፊትህ ይቅደም። እመቤቴ ልደታ ከበረዶውም ከሰውም ትጋርድህ። እጅህ የነካው ይባረክ፣ የማታውቀው ሰው ሁሉ ወንድም ይሁንህ። አሜን።

እናትህ
ወለተሥላሴ

ረስቼው፤ ክፍልህን አከራይቼዋለሁ፣ ብትመጣም ማደሪያ የለህም። ተከራይዋ ጨዋ ሴት ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ ይቆጣል እንጂ። አልጋህንም መጻሕፍትህንም ካሉበት ንቅንቅ አላደረገችብህም፣ አንሶላህንም በየቅዳሜው ታጥበዋለች።