ፈቃድ የተጠየቀ አባት

ጥር 14 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ለልጄ፣ ለቁንጫዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ብየዳውንም አልተውኩም። ትንፋሽ እንዲመለስልሽ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ፈርሜያለሁ። የጋብቻ ፈቃድ ወረቀቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልሽ።

አምስት ወር ያቆየሁሽ ለክፋት አይደለም። እጮኛሽ መጀመሪያ ደብዳቤሽን ይዞ የወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ፣ እኛ የባሃኢ እምነት ተከታዮች ነን፣ በሕይወት ያሉ ወላጆች ሁሉ ካልፈቀዱ አንጋባም ሲለኝ ሊያላግጥብኝ የመጣ መሰለኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ ጥሎሽ የሄደን ሰው ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ብቻዋን ካሳደገችሽ እናትሽ እኩል የኔ ቃል ሊቆጠር? ይህማ ፍርደ ገምድል ሕግ ነው አልኩት።

"እምቢ ብልስ?"

"እንጠብቃለን።"

"እስከ መቼ?"

"እርስዎ እሺ እስኪሉ።"

ተናድጄ የብየዳ መነጽሬን አጠለቅሁና ጀርባዬን ሰጠሁት።

እሱ ግን፣ ነርስነቱ ይሁን ትዕግስት ያስተማረው፣ በየወሩ ብቅ ይል ጀመር። እኔም ጥያቄ አጠራቅሜ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን፣ ወንድና ሴት እኩል ናቸው ትላላችሁ፣ ታዲያ የበላይ ምክር ቤታችሁ ዘጠኙም አባላት ወንዶች የሆኑት ለምንድን ነው ብዬ አፋጠጥኩት። የተጠና መልስ ያዥጎደጉድልኛል ስል፣ "ተቀብዬዋለሁ እንጂ ምክንያቱ አልገባኝም፤ አላውቅም" አለኝ። ጥያቄዬ ዛሬም ጥያቄ ነው። ብቻ አላውቅም የሚል ሰው ልጄን አያታልላትም አልኩ በሆዴ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወደ ጸሎታቸው ወሰደኝ። ያው ተራ ሳሎን ነው፤ ቄስ የለ፣ ሼህ የለ። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ አነበቡ፣ ቀጥሎ አንድ የታክሲ ሹፌር። አሁን ማን ሊሰብከኝ ይነሳ ይሆን ብዬ በር በሩን ሳይ ማንም ምንም ሳይለኝ አለቀ። እጮኛሽ ሐሜት በእነሱ ዘንድ ትልቅ ጥፋት እንደሆነ ነግሮኝ ነበር። ብርጭቆዬን ልመልስ ኩሽና ብገባ ሁለት ሴቶች አንዷን ጎረቤታቸውን ሲቦጭቋት ደረስኩ። አንደኛዋ ስታየኝ ክው አለችና "አባባ፣ አጥፍተናል" አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ደረቴም ቀለል አለኝ። ልጄ ከመላእክት ጋር ልትኖር ነው ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ለካስ ሰዎች ናቸው። ከሰው ጋርማ መኖር ይቻላል።

ይህን ስል እምነታችሁን ተቀበልኩ ማለቴ አይደለም፤ በነበርኩበት አለሁ። ስንመለስ ግን መንገድ ላይ እጮኛሽን አንድ ነገር ጠየቅሁት። ሕጋችሁ ባያስገድዳት ኖሮ ትጽፍልኝ ነበር? አልኩት።

"እሷን ይጠይቋት" አለኝ።

አልጠይቅሽም። ጽፈሽልኛል፣ ይበቃኛል።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መስማት ካልፈለገች ተይው፣ አትጨቅጭቂያት። ለሠርጉ ካልጠራሽኝ አልቀየምም። ከጠራሽኝ ደግሞ ሸሚዙን ከወዲሁ አስተኩሼዋለሁ።

ፈጣሪ በደንብ እንደተበየደ ብረት ያያይዛችሁ፤ ዝገት አይድረስባችሁ።

አባትሽ