ግራ እጅ የሌላት ሴትዮ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ በብርድ ጊዜ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ።

በፌስቡክ ገጻችን ላይ የለጠፍካቸውን ፎቶዎች ሁሉ አየሁ። ፊት የሚመስለው የዛገ ጓጉንቸር በጣም አሳቀኝ። ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳ ላይ የተሳለችው ሴትዮ ግን ግራ እጇ የለም። ከእሷ በፊት የለጠፍከው ባለ ሦስት እግር ወንበርም በግራ በኩል ተቆርጧል። ተከታዮቻችን “አዲስ አተያይ ነው” ብለው አደነቁህ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ግን “ልጅሽ ግማሹን በልቶ ነው እንዴ የሚልክልሽ?” አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ።

አባትህም ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ይገጭ ነበር። እኔም “ሰውዬ፣ ደግሞ በሩ ጠበበህ?” እያልኩ እስቅበት ነበር። ያኔ ስለ ዓይን አንድም ነገር አላነበብኩም። አሁን ግን ስለ ዓይን ካልሆነ በቀር ሌላ ማንበብ ትቻለሁ።

ያቺን ሴትዮ እንደገና አንሳልኝ። ራቅ ብለህ ቁምና ሁለቱም እጆቿ ይግቡ። ከመለጠፍህ በፊት አጠገብህ ላለ ሰው አሳየው። ወደ እሷ ስትሄድም መንገዱን ቀስ ብለህ ተሻገር፤ ወደ ግራ ስታይ አንገትህን ጭምር አዙር።

ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ቶሎም ያድርገው።

እናትህ