የወንድሜ የሰውአገኝ ስም ከኮበለሉት ዝርዝር እንዲወጣ

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀድሞው የወይራ በር አዳሪ ትምህርት ቤት ንብረትና መዛግብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የወንድሜ ሞት በመዝገብ እንዲታረምና መቃብሩ ሳይለይ ቁፋሮ እንዳይጀመር ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች እንኳየሁ በላቸው የማራኪ ነዋሪ ነኝ። በ1962 ዓ.ም. ከጭልጋ ከሌሎች የቅማንት ልጆች ጋር ተመርጠን ትምህርት ቤቱ ስንገባ እኔ የአሥራ አንድ፣ ወንድሜ ሰውአገኝ የስምንት ዓመት ልጆች ነበርን። በሳምንቱ እኔ ወለተሩፋኤል፣ እሱ ፊልጶስ ተባልን። በቅማንትኛ የተናገረ ልጅ ምሳ ይከለከል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ስለሆነ ውለታውን አልክድም።

2. በየካቲት 1963 ዓ.ም. ወንድሜ ኩፍኝ ያዘው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አልጋው ባዶ ነበር። የመኝታ ቤታችንን ሞግዚት ብጠይቃቸው «ሞቷል፤ ዝም በይ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪ ይመጣል ተብሎ ግቢው ኖራ እየተቀባ ነበር።

3. አባቴ ሊጠይቀን ሲመጣ ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ ቆሙ። አባቴ በቅማንትኛ «ወንድምሽ የት አለ?» አለኝ። እኔ በአማርኛ «ኮብልሏል» አልኩት። እንዲህ በይ ተብዬ ነው፤ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። አባቴ ለሰባት ዓመት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ሁሉ ሳንጃ ድረስ እየወረደ ከቀን ሠራተኞች መካከል ሲፈልገው ኖሮ ሞተ።

4. ባለፈው ጥር የመዝገብ ቤት ሠራተኛው አቶ አዳሙ መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ከፊልጶስ ስም ትይዩ «ኮበለለ» ይላል። በዚያ ዘመን ልብስ አጣቢ የነበሩት ወ/ሮ ዓይናለም ግን ሕፃኑ ከጓሮው ግንብ ሥር ሲቀበር ማየታቸውን በጣት አሻራቸው አረጋግጠዋል፤ ቃላቸው ተያይዟል። አሁን እዚያው ላይ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት ችካል ተተክሏል።

5. እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። የጠፋ ይመለሳል ብላ የልጇን ተዝካር አላወጣችም። ባለፈው እሑድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። «መቃብሩን አሳዪኝ» ብቻ አለች።

ስለዚህ፦

ሀ) «ኮበለለ» የሚለው ተሰርዞ፣ ሰውአገኝ በላቸው በትምህርት ቤቱ ውስጥ በሕመም መሞቱ እንዲጻፍ፤

ለ) ቦታው እስኪጣራ ቁፋሮው እንዲቆይ፤

ሐ) እናቴ ክረምት ከገባ መንገድ ስለማትችል፣ ከዚያ በፊት ይዣት የምገባበት ቀን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
እንኳየሁ በላቸው
በመዝገባችሁ፦ ወለተሩፋኤል