ካርዱን ለኖርማ እንዳትሰጪያት

ትዋይላዬ፣

መጀመሪያ ካርዱን ገልብጠሽ ሥዕሉን እዪልኝ። አየሽው? ያ ብርጭቆ የመሰለ ፍጥረት እስከ ትናንት ጠዋት ሁለት ሺህ ሜትር ጥልቀት ባሕር ውስጥ ይኖር ነበር። ሮቦታችን በጠርሙስ ይዞት ወጣ። የመርከባችን ሳይንቲስት ኖርማ ስታየው ጮኸች፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። እኔ ኪሴ ውስጥ የነበረው ያንቺ አድራሻ የተጻፈበት ይህ ካርድ ብቻ ስለሆነ እዚሁ ላይ መሣል ጀመርኩ።

«አንቺ ደግሞ! ሥዕል ለግድግዳ ነው፤ ለሳይንስ ካሜራ አለ» ብላኝ ካሜራዋን ልታመጣ ሮጠች።

ስትመለስ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ድፍርስ ውሃ ነው። ሟሟ! ያ ረግቶ የማያውቀው የእንጆሪ ማርማላታሽ እንኳን ከዚህ ይሻላል።

ኖርማ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና፣ «ስንት ክንድ ነበረው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አሥራ ሦስት። አንዱ አጭር ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቆጥሬ ነው የሣልኩት።»

መዝገቧ ላይ አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇን ዘርግታ «ካርዱን ስጪኝ» አለች።

«የሰው ነው፤ አድራሻውን አታዪም?»

ፎቶ አነሳችው፤ ግን ዋናውን ካልያዝኩ ብላለች። ዛሬ ነዳጅ ልንቀዳ ወደብ ስለቆምን ፈጥኜ ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። ጉዞው ሲያልቅ ቤትሽ ድረስ መምጣቷ አይቀርም።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ያን ሰነፍ ውሻሽንም። ካርዱን ግድግዳ ላይ ስቀይው። ኖርማ ስትመጣ ከዓሣ ሾርባሽ ስጫት፤ ካርዱን ስትጠይቅሽ ግን «ሥዕል ለግድግዳ ነው ብለሽ የለ?» በያት።

ሎርና