ከመስቀል በኋላ ወደ ላንዶር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ኤርጎጌ፤

እንዴት ከርመሻል? ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ደመና ሲከብድ ጉልበቴን ይቆረጥመኛል ያልሽኝስ ተሻለሽ ወይ? ጋሼ ይገዙን ያ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ላሟም ሳትቀር ደህና ናችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። እዚህ ጆሃንስበርግ ሐምሌ የብርድ ወር ነው፤ ሜይፌር ጠዋት ጠዋት የመኪናው መስታወት ላይ ውርጭ ጋግሮ ያድራል። መድኃኒት ቤቱን ስከፍት ጣቴ ደንዝዞ ቁልፉ አልዞር ይለኛል።

እትዬ፣ ለመስቀል ትመጣላችሁ ወይ ብለሽ በስልክ ስትጠይቂኝ አድበስብሼ ያለፍኩት ኢዮኤል አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው። እሱ እየሰማ የሚወራ ነገር አይደለም። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ክሊፕታውን ሰፈር ያለው ሱቃችን፣ የውጭ አገር ሰው ሱቅ ሁሉ በተሰበረበት በዚያ ግርግር ጊዜ መዘረፉን ታውቂያለሽ። እንዳትደነግጪ ብዬ ያልነገርኩሽ ኢዮኤል ያን ጊዜ ውስጥ እንደነበረ ነው። ሰዉ በሩን ገንጥሎ ሲገባ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ባፈና የሚባል በያጅ አለ፤ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ነው። ሮጦ መጥቶ ኢዮኤል ፊት ቆመና ክንዱን ዘርግቶ በዙሉኛ፣ «ይሄ ሰው እናቴ ስትሞት ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቀሰ ነው። እሱን የሚነካ መጀመሪያ እኔን ይርገጥ» አላቸው። ዕቃውን አግበስብሰው ሄዱ፤ ባሌን ግን ማንም አልነካውም። የሰው ልጅ እንዲህም ይሆናል። በኋላም አዲሱን የብረት በር ራሱ በይዶ የገጠመልን ባፈና ነው። እባክሽ በጸሎትሽ አስቢው።

ሱቁ እንደገና ተከፈተ፤ ኢዮኤል ግን ተዘጋ። ያ ሲገባ ቤቱን በጨዋታ የሚሞላው ሰው፣ ድስት ሲወድቅ የሚበረግግ፣ ሲጠሩት ቆይቶ የሚሰማ ሆነ። ሐኪሙ ከዚያ ሰፈር ለጥቂት ጊዜ ራቅ ይበል፣ ጸጥ ያለ ቦታ ይረፍ አለኝ። እኔም፣ አገር ቤት እያለልን ሌላ ምን ፍለጋ ነው ብዬ በደስታ ነገርኩት። እሱ ግን፣ «ሮሃ፣ ለመስቀል ስንገባ ቤቱ በሰው ይሞላል። አንዱ እንዴት ተረፍክ ይለኛል፣ ሌላው እስቲ ከመጀመሪያው አውራው ይለኛል። ለሁሉም መሳቅ አለብኝ። አሁን አልችልም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ፎርድስበርግ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ እማማ ቢልቂስ የሚባሉ ሴት አሉ። አያቶቻቸው ከሕንድ የመጡ ናቸው፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ከእኔ ይወስዳሉ። ሰባ አልፏቸው ቀጥ ብለው ሲራመዱ ብታዪ ትቀኚባቸዋለሽ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በየዓመቱ ብቻቸውን ወደ ላንዶር ይሄዳሉ፤ ሕንድ አገር፣ ሂማላያ ተራሮች ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የኢዮኤልን ነገር ስነግራቸው በማግስቱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሳምቡሳ ይዘው ቤታችን መጡ።

ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነበር የሚያወሩት። ከተማዋ ጠባብ የተራራ ጀርባ ላይ የተቀመጠች፣ መኪና የማይበዛባት፣ የእኛን ጽድ በሚመስል ዛፍ የተሸፈነች ናት አሉ። ተራራውን የሚዞር የእግር መንገድ አለ፤ መንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበር አለ። ዝናቡ እንደ እኛው መስከረም ላይ ያበቃና ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ በረዶ የለበሱት ተራሮች ወዲያ ማዶ ተሰልፈው ይታያሉ። «እዚያ ምን ይሠራሉ?» አላቸው ኢዮኤል። «ምንም። የምሄደው ለዚሁ ነው» አሉት። «ሰው ይበዛል?» አለ ደግሞ። «ጦጣ ይበዛል። ጦጣ ደግሞ ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቅም» ሲሉት ሳቀ። እትዬ፣ ሳቀ። ወደ ጓዳ ገብቼ ዓይኔን ጠርጌ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጉዞውን የሚያሰናዳው እሱ ሆኗል። የመኖሪያ ወረቀታችን ስለተስተካከለ ወጥቶ መግባት አያስፈራም። እስከ ደልሂ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ተራራው ሥር እስካለችው ዴህራዱን በባቡር፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን ዳገት በመኪና። እማማ ቢልቂስ የሚያርፉበት፣ አንዲት ባል የሞተባት ሴት የምታስተዳድረው የእንግዳ ቤት አለ፤ ክፍሉን እሳቸው ደውለው ያዙልን። እኔ እግረ መንገዳችንን ይሄንንም እንይ፣ እዚያም እንድረስ ማለት ስጀምር፣ «ልጄ፣ ዕረፍት ነው እንጂ ዘመቻ አይደለም» ብለው አስቆሙኝ። አሁን ሐሳባችን ጠዋት ትንሽ መራመድ፣ ከሰዓት መቀመጥ፣ ሲበርድ መተኛት ብቻ ነው። ኢዮኤል የሱቁን ቁልፍ ለሰው የሚሰጥ አይመስለኝም ነበር፤ ራሱ ሄዶ ለባፈና ሰጠው። ባፈናም፣ «በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አያሳስብህ» አለው።

አንድ ነገር ግን ከበደኝ። አውሮፕላኑ የሚያልፈው በአዲስ አበባ ነው። ቦሌ ደርሼ ቡታጅራን ሳላይ፣ አንቺን ሳልስም ላልፍ ነው። ኢዮኤል ፊቴን አይቶ፣ «እትዬን ለምን ይዘናት አንሄድም?» አለኝ። ያሾፈ መስሎኝ ነበር። «ከሷ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ይቻላል። እሷ ሰው እስኪናገር የምትጠብቅ ሴት ናት» አለ።

እውነት ነው እትዬ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያ ሁሉ ሰው የተጽናናው አንቺ ደጅ ነው፤ አንቺ ግን እንግዳ ቆሞ አንቺ ተቀምጠሽ አይቼሽ አላውቅም። ስለዚህ ለመስቀል የሚመጣውን ሁሉ እንደ ልማድሽ አብልተሽ ሸኚ፤ ከዚያ ጥቅምት ሲገባ ቦሌ እንገናኝ። ፓስፖርቱን ልጅሽ ሀይለየሱስ ያስጨርስልሽ፤ ቪዛውን ኢዮኤል ከዚህ ይጨርሳል። ጋቢሽን አትርሺ። የእግር መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ እማማ ቢልቂስም እንደ አንቺው ጉልበታቸውን እያመማቸው ይዞሩታል። ቤቱን ለማን ጥዬ እንደምትይ ስለማውቅ ቀድሜ ለባለቤትሽ ለጋሼ ይገዙ ደውያለሁ። «ትሂድ። ቆጮ መጋገር ባልችል መብላት አያቅተኝም» ብለውኛል።

ጋሼ ይገዙን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሀይለየሱስ ፈተናው እንዴት እንደሆነ ይጻፍልኝ፤ ታናሽየዋን ቤተልን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጎረቤታችን ለአብዱልወሀብና ለመላው ቤተሰቡ ሰላምታዬን አድርሺ። እማማ ቢልቂስ ሳያውቁሽ ሰላም ብለውሻል። ኢዮኤል ደግሞ ይህን ስጽፍ በትከሻዬ በኩል አይቶ፣ ተራሮቹ በሚታዩበት መስኮት በኩል ያለው አልጋ የእትዬ ነው ብለሽ ጨምሪ ብሎኛል።

የምትወድሽ እህትሽ ሮሃ

ሜይፌር፣ ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.